የቃል ፍቺ ጨዋታና የሰንበቴ ገበያ

ከራት በኋላ ከመኝታ ቤታችን የሚሰማው ጫጫታ ምን እንደሆነ አያሌ ጓደኞች ጠይቀውናል። አንዳንዶቹ ካርታ የምንጫወት መስሏቸዋል፤ ሌሎቹ ደግሞ ስለ ፖለቲካ የምንከራከር መስሏቸው በሩ ላይ ቆመው አዳምጠዋል። ነገሩ ግን ከሁለቱም አይደለም። በመካከላችን ያለው አንድ ወፍራም መዝገበ ቃላት፣ ጥቂት ቁራጭ ወረቀትና እርሳስ ብቻ ነው። ስለዚህ ጨዋታው ምን እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣ፣ ምን እንደሚያስተምርና እኛንም እንዴት አድርጎ እንዳሳፈረን በዚህ መጽሔት ገጾች ላይ ለአንባቢያን ለማስረዳት ተነሥተናል። ማፈራችንን የምንገልጸው ትሑታን ለመባል ሳይሆን ሌላው ስሕተታችንን እንዳይደግመው ብለን ነው።

ጨዋታው እንዴት ነው?

ተጫዋቾቹ ከአራት እስከ ስምንት ቢሆኑ ይመረጣል። በየተራው አንድ ሰው ዳኛ ይሆናል። ዳኛው መዝገበ ቃላቱን ገልጦ ከተሰበሰቡት ውስጥ አንዱም የማያውቀው የሚመስለውን ቃል ይመርጥና ድምፁን ከፍ አድርጎ ሁለት ጊዜ ያነባል። ሁለት ጊዜ የሚያነብበትም ምክንያት አለ። በፊደላችን የሚጠብቀውና የሚላላው ድምፅ በጽሕፈት አይለይም። «ገና» ብለን ስንጽፍ የልደት በዓልም ይሆናል፣ ጊዜው አልደረሰም ማለትም ይሆናል። «ሰፊ» ስንል ልብስ ሰፊውም፣ ጠባብ ያልሆነውም በአንድ መልክ ይጻፋሉ። ስለዚህ ቃሉን በዓይኑ ብቻ ያየ ሰው ከመነሻው ሊስት ይችላል።

ቀጥሎ ዳኛው እውነተኛውን ፍቺ በቁራጭ ወረቀት ላይ ይገለብጣል። ሌሎቹም እያንዳንዳቸው ከራሳቸው የፈጠሩትን ፍቺ ጽፈው፣ አጣጥፈው ይሰጡታል። ዳኛው ወረቀቶቹን ከቀላቀለ በኋላ ሁሉንም በአንድ ዓይነት ድምፅ፣ ሳይስቅ ያነባል። ሳይስቅ ማንበብ በዚህ ጨዋታ ከሁሉ የከበደው ሥራ ነው። ከዚያ እያንዳንዱ ተጫዋች እውነተኛ የመሰለውን ፍቺ ይመርጣል።

ነጥብ የምንሰጠው እንደሚከተለው ነው። እውነተኛውን ፍቺ ያገኘ 2 ነጥብ ይወስዳል። በፈጠረው የውሸት ፍቺ ሌላውን ያሳመነ፣ ላሳመነው ለእያንዳንዱ ሰው 1 ነጥብ ያገኛል። እውነተኛውን ፍቺ አንድም ሰው ካላገኘው ዳኛው 3 ነጥብ ይወስዳል፤ ቃሉን አሳምሮ መርጧልና። ስልክ የያዘ ሁሉ ጨዋታው እስኪያልቅ ስልኩን አልጋው ላይ ይተወዋል። ከብርድ ልብስ ሥር ሲፈልግ የተያዘ ሰው ለሁሉም ሻይ ይጋብዛል።

ከየት መጣ? እኛስ ዘንድ የለም ወይ?

በእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ዘንድ ይህ የቤት ጨዋታ ከረጅም ጊዜ ጀምሮ የታወቀ ነው። የእንግሊዝ ቢቢሲ እ.ኤ.አ. በ1965 «ኮል ማይ ብለፍ» የተባለ የቴሌቪዥን ዝግጅት ጀምሮ ነበር። በዚያም ሦስት ሦስት ሰው ያሉባቸው ሁለት ቡድኖች ይቀርባሉ፤ አንዱ ቡድን ለአንድ እንግዳ ቃል ሦስት ፍቺ ይሰጣል፤ ከሦስቱ አንዱ ብቻ እውነት ነው፤ ተቃራኒው ቡድን እውነቱን መለየት አለበት። እ.ኤ.አ. በ1984 ደግሞ ጨዋታው በካናዳ «ባልደርዳሽ» በሚል ስም በሣጥን ተዘጋጅቶ ለገበያ ቀረበ። ሣጥኑ ግን የግድ አይደለም፤ መዝገበ ቃላት ያለው ሰው ሁሉ ጨዋታው አለው።

ይህን ስንሰማ «ይህ እንግዲህ የፈረንጅ ነገር ነው» ብለን ልንተወው አይገባም። በአገራችን የቃል ጨዋታ ያላደገበት ቤት የለም። አንዱ «እንቆቅልህ» ሲል ሌላው «ምን አውቅልህ» ይላል፤ መልሱን ያጣ «አገር ስጠኝ» ይባላል፤ አገር ከሰጠ በኋላም ጠያቂው በተሰጠው አገር ላይ ሹም ሆኖ፣ ተጠያቂውን እንደ ልቡ ሲሰድብ ያመሻል። በኦሮምኛም «ሂቦ» የተባለው የእንቆቅልሽ ጨዋታ እንደዚሁ ልጆችንና ሽማግሌዎችን በአንድ እሳት ዙሪያ ሲያስቀምጥ የኖረ ነው። ልዩነቱ ምን ላይ ነው? በእንቆቅልሽ እውነቱን የሚያውቀው ጠያቂው ነው፤ መላሹ ይሞክራል እንጂ አይዋሽም። በዚህኛው ጨዋታ ግን ከዳኛው በቀር ሁሉም በአንድ ጊዜ መላሽም ዋሾም ነው።

ከዚህም በላይ አንድን ቃል አስቀምጦ ብዙ ፍቺ ማሰለፍ ለሊቃውንታችን አዲስ አይደለም። የመጻሕፍት ትርጓሜ መምህራን አንዱን ንባብ ከፈቱ በኋላ «አንድም» ብለው ሌላ ፍቺ ያክሉበታል፤ ደግሞም «አንድም» ይላሉ። ነገር ግን መምህሩ «አንድም» ባለ ቁጥር ምክንያቱን ወይም ምስክሩን ማቅረብ አለበት። በእኛ ጨዋታ ግን ማንም ምስክር አይጠይቅም። ያፈርነው እዚህ ላይ ነው፤ ወደ እርሱም እንመለሳለን።

በየትኛው መዝገበ ቃላት እንጫወታለን?

ለዚህ ጨዋታ ከሁሉ የሚመቸው የአለቃ ደስታ ተክለ ወልድ «ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት» ነው። የታተመው በ1962 ዓ.ም. ነው። ከእርሱ በፊት በ1951 ዓ.ም. የወጣው የተሰማ ሀብተ ሚካኤል «ከሣቴ ብርሃን ተሰማ» አለ። ግዕዝ የደፈረ ተጫዋች ደግሞ በ1948 ዓ.ም. የታተመውን የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌን «መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስ» ያወጣል። የቅርቡን የሚፈልግ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ጥናትና ምርምር ማእከል በ1993 ዓ.ም. ያሳተመውን ይጠቀማል።

ጀማሪ ዳኛ ይጠንቀቅ፤ አለቃ ኪዳነ ወልድና አለቃ ደስታ ቃላቱን ያሰለፉት በሀለሐመ ተራ ሳይሆን በአበገደ ተራ ነው። ይህን ያላወቀ ዳኛ ቃል ሲፈልግ ግማሽ ሌሊት ያልቃል።

እነዚህ መጻሕፍት በአንድ ሰው ዕድሜ የተሠሩ አይደሉም። የግዕዙን መዝገበ ቃላት መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ጀመሩት፤ ደቀ መዝሙራቸው አለቃ ኪዳነ ወልድ ተረከቡት፤ እርሳቸውም መጽሐፉ ታትሞ ሳያዩ ስላረፉ፣ የእርሳቸው ደቀ መዝሙር አለቃ ደስታ ከፍጻሜ አደረሱት። ሦስት ትውልድ አንዱ ለአንዱ እያወረሰ አንድ መጽሐፍ ወጣ ማለት ነው።

ከእነርሱም በፊት በ17ኛው መቶ ዓመት፣ ከአማራ አገር ከመካነ ሥላሴ የወጡት አባ ጎርጎርዮስ እ.ኤ.አ. በ1652 ጀርመን አገር ጎታ ድረስ ሄደው፣ ሂዮብ ሉዶልፍ ከተባለው ሊቅ ጋር ተቀምጠው ቃል በቃል ሲጠያየቁ ሰንብተዋል። ሉዶልፍ ይጠይቃል፤ አባ ጎርጎርዮስ ይመልሳሉ። ሉዶልፍ የግዕዝ መዝገበ ቃላቱን እ.ኤ.አ. በ1661፣ የአማርኛውን ደግሞ በ1698 አሳተመ። አባ ጎርጎርዮስ ግን እ.ኤ.አ. በ1658 ወደ አገራቸው ሲመለሱ መርከባቸው ተሰብሮ ሞተው ነበርና አንዱንም አላዩም። እኛ ከራት በኋላ የምንቀልድበት እያንዳንዱ መስመር አንድ ሰው ሌላውን ሰው «ይህ ምን ማለት ነው?» ብሎ ጠይቆ፣ የተጠየቀውም እውነቱን ስለ መለሰ የተጻፈ ነው።

ጥሩ ውሸት እንዴት ይጻፋል?

አሁን ወደ ጨዋታው ጥበብ እንግባ። አዲስ ተጫዋች አብዛኛውን ጊዜ የሚሸነፈው ብዙ ስለሚጽፍ ነው። «በጥንት ዘመን አንድ ኃይለኛ ንጉሥ ጠላቱን ድል ባደረገ ጊዜ የሚለብሰው የወርቅ…» ብሎ ሲጀምር ሁሉም ይስቅበታል። እውነተኛ መዝገበ ቃላት አይፎክርም። ፍቺው አጭር ነው፤ መጀመሪያ ነገሩ ከየትኛው ወገን እንደሆነ ይናገራል፤ ዕቃ ነው፣ ዛፍ ነው፣ በሽታ ነው ይላል፤ ከዚያ መለያውን ይጨምርና ያቆማል።

ሁለተኛው ምስጢር የቃሉን ቅርጽ መከተል ነው። የአማርኛ ቃል ብዙውን ጊዜ ሥሩን ይናገራል። «ሰበረ» ካለ «ስብራት»፣ «ስብርባሪ» እያለ ይሄዳል። በ«መ» ጀምሮ እንደ «መጥረጊያ»፣ «መቀመጫ» ያለ ቅርጽ የያዘ ቃል መሣሪያ ወይም ቦታ ሳይሆን አይቀርም። በ«ነት» የሚጨርስ ጠባይ ወይም ሁኔታ ነው። እንዲህ ያለውን ቃል የመረጠ ዳኛ ከመነሻው ተሸንፏል። የሚመረጠው እንደ «ልቃቂት» ያለ፣ ከነማን ወገን እንደሆነ ፊቱ የማይናገር ቃል ነው።

ሦስተኛውና ከሁሉ አደገኛው ምስጢር ይህ ነው፤ የሚያሳምን ውሸት ከእውነት ትንሽ ይበደራል። ቃሉን አንድ ጊዜ፣ አንድ ቦታ፣ በግማሽ ጆሮ የሰማ ሰው ከሁሉ የተሻለ ውሸት ይጽፋል።

አንድ ምሽት «ወገል» የሚለው ቃል ወጣ። ለዳኛው የደረሱት ወረቀቶች እነዚህ ነበሩ፦ በወንዝ ዳር የሚበቅል እሾሃም ሐረግ፤ በቅሎን የሚይዝ የእግር ሕመም፤ ሐሜተኛ፣ ወሬ አቀባይ ሰው፤ የማረሻ ዕቃዎችን አጋጥሞ የሚይዝ የብረት ቀለበት። አብዛኞቻችን የበቅሎውን ሕመም መረጥን፤ ጽሑፉ የሐኪም ቃል ይመስል ነበር። በአልጋው ላይ ተጋድሞ ያጠና የነበረ፣ በጨዋታው ያልገባ አንድ ጓደኛችን ግን ደብተሩን ዘግቶ ተነሣ። ሰንበቴ አካባቢ ያደገ የገበሬ ልጅ ነው።

«እናንተ ሰዎች፣» አለን፤ «ወገል ሳታውቁ ነው ጤፍ የምትበሉት?»

ብረቱ የማረሻ መሆኑን፣ በልጅነቱም ወገል ሲላላ ድንጋይ ፈልጎ ያቀብል እንደነበር ነገረን። ከዚያ ምሽት በፊት «የሞተ ቃል»፣ «ማንም የማያውቀው ቃል» እያልን ስንናገር፣ «ማንም» ያልነው በክፍሉ ውስጥ ያለነውን ስድስት ሰዎች ብቻ እንደ ነበር አልተገነዘብንም። ያ ቃል በዚያው ሳምንት በብዙ ሺህ ማሳ ላይ ሥራ ላይ ነበር።

የ«ጅንፎ» ነገር

አሁን ወደ ማፈራችን ደርሰናል። በሌላ ምሽት «ጅንፎ» የሚል ቃል ወጣ። ከመካከላችን አንዱ ቃሉን ከዱላ ጋር አያይዞ የሆነ ቦታ የሰማው መሰለውና እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ «በሠርግ ማግስት ሚዜዎች የሚጫወቱት የዱላ ጨዋታ።» ከአምስት መራጮች አራቱ ይህን መረጡ። ሳቅን፣ ነጥቡን ጻፍን፣ ተኛን። ወረቀቱ ግን በመዝገበ ቃላቱ ውስጥ፣ በዚያው ገጽ መካከል ቀረ።

መጽሐፉ የጋራችን ስለሆነ ከመኝታ ቤት ወደ መኝታ ቤት ይዞራል። ከሳምንታት በኋላ አንድ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ስለ ሠርግ ልማድ ድርሰት እንዲጽፍ ታዝዞ መጽሐፉን ተዋሰ። ወረቀቱን አገኘው። ጽሕፈቱ ጥሩ ነው፤ ቃሉ አጭር ነው፤ አይፎክርም። አንድ ትጉህ ተማሪ ለማስታወሻ ገልብጦ የተወው መሰለው። በድርሰቱም ውስጥ ስለ ጅንፎ ጨዋታ ሙሉ አንቀጽ ጻፈ፤ ሚዜዎቹ እንዴት እንደሚሰለፉ ሳይቀር ከራሱ ጨመረበት።

ድርሰቱ ሲመለስ አንቀጹ በቀይ ተከብቦ፣ ከአጠገቡ «ይህን ከማን ሰማኸው?» የሚል ጥያቄ ነበረበት። ልጁ የሚመልሰው አልነበረውም። በጓደኞቹ ፊት ሲጠየቅ ዝም አለ፤ ከራሱ ፈጥሮ የጻፈ ተብሎ ተቆጠረ። እኛም ነገሩን የሰማነው ከሦስት ቀን በኋላ ነው። የጽሑፉ ባለቤትና እኛ አብረን ሄደን ለመምህሩ እውነቱን ተናገርን፤ ልጁንም ይቅርታ ጠየቅነው። መምህሩ ውጤቱን አስተካከለለት። ይሁን እንጂ ያ ልጅ ከዚያ ወዲህ መጽሐፉን ሲዋስ በመጀመሪያ ገልብጦ እያራገፈ ነው፤ ይህንንም ባየን ቁጥር እናፍራለን።

ነገሩ ካሳሰበን በኋላ በሌላው ዓለም እንዲህ ያለ ነገር ደርሶ እንደሆነ ስንመረምር፣ ከእኛ የባሰ አገኘን። እ.ኤ.አ. በ1934 በአሜሪካ የታተመው ትልቁ የዌብስተር መዝገበ ቃላት «ዶርድ» የሚል ቃል ይዞ ወጣ፤ ፍቺውም የአንድ ነገር እፍጋት ይላል። እንዲህ ያለ ቃል ግን በእንግሊዝኛ ኖሮ አያውቅም። ነገሩ የሆነው እንዲህ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1931 የኬሚስትሪው አዘጋጅ፣ «ትልቁ ዲ ወይም ትንሹ ዲ» የእፍጋት ምሕፃር መሆኑን የሚገልጽ ቁራጭ ወረቀት ጽፎ ነበር። ወረቀቱ ከምሕፃር ክምር ወደ ቃላት ክምር ተዛወረ። «ወይም» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ከሁለቱ ዲዎች ጋር ተጣብቆ አንድ ቃል መሰለ። እ.ኤ.አ. በ1939 ሌላ አዘጋጅ «ይህ ቃል ምንጩ ለምን አልተጻፈም?» ብሎ እስኪጠይቅ ድረስ ማንም አላስተዋለውም። አንድ ቁራጭ ወረቀት በተሳሳተ ቦታ ተቀመጠና ቃል ተወለደ። የእኛም ጅንፎ እንዲሁ ነው።

እንዲህ ላሉት፣ ኖረው ለማያውቁ ቃላት፣ ዎልተር ስኪት የተባለው እንግሊዛዊ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1886 «የሙት መንፈስ ቃላት» የሚል ስም አውጥቶላቸዋል። አንዳንድ ጊዜም ሆን ተብሎ ይደረጋል። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው የኦክስፎርድ የአሜሪካ እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት «ኢስኪቫሊየንስ» የሚል ቃል አስገብቶ ነበር፤ ፍቺው ኃላፊነትን ሆን ብሎ መሸሽ ማለት ነው። ሌላ አሳታሚ መጽሐፉን ሰርቆ ቢገለብጥ በዚህ ቃል እንዲያዝ የተቀመጠ ወጥመድ ነበር፤ ወጥመድነቱም እ.ኤ.አ. በ2005 ተገለጠ። ቃሉ የውሸት ነው፤ የሚገልጸው ጠባይ ግን በእኛም መኝታ ቤት የታወቀ ነው።

አንድ እሑድ በሰንበቴ

በዕረፍቱ ጊዜ የሰንበቴው ጓደኛችን ከመካከላችን ሦስታችንን ይዞን ወደ አገሩ ሄደ። ሰንበቴ ከሸዋ ሮቢት አልፎ ወደ ከሚሴ በሚወስደው አውራ መንገድ ላይ የምትገኝ፣ በአማራ ክልል በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን የጅሌ ጥሙጋ ወረዳ ከተማ ናት። ስሟ ከገበያዋ ቀን አይለይም፤ ሐሙሲትና አርብ ገበያ በቀናቸው እንደ ተጠሩ፣ ሰንበቴም ገበያዋ እሑድ፣ በሰንበት ነው። በዚያ ቀን አፋሮች ከምሥራቅ ቆላ ግመልና ፍየል ይዘው ይወጣሉ፤ አማሮች ከደጋ እህላቸውን ይዘው ይወርዳሉ፤ ኦሮሞዎች ከአካባቢው ከብትና ማር ያመጣሉ፤ በሽመናና በንግድ የታወቁት አርጎባዎችም ይገኛሉ። የአርጎባ ቋንቋ የአማርኛ የቅርብ ዘመድ ሲሆን፣ በዚሁ ዞን ውስጥ በሾንኬና በጦለሃ ዛሬም ይነገራል። በዚህ ገበያ ከአንድ ቋንቋ በላይ የሚናገር ሰው ብርቅ አይደለም፤ ብርቅ የነበርነው በአንድ ብቻ የምንሠራው እኛ ነበርን።

ገና እንደ ደረስን አንዲት ሴት «ደማ! ደማ!» ስትል ሰማን። ከመካከላችን አንዱ ደንግጦ እግሩን ተመለከተ፤ ወድቆ የደማ መስሎታል። ሴትዮዋ ግን ማር ትሸጥ ነበር፤ «ደማ» በኦሮምኛ ማር ነው። ጥቂት እንደሄድን «ሆላ» ሲባል ሰምተን ወደ ኋላችን ዞርን። የተጠራው በግ ነበር። አንድ ልጅ «ለማ» ሲል ሰው የሚጣራ መሰለን፤ ሁለት ማለቱ ነው። «ገባ» ሲሉ ማን ገባ ብለን ጠየቅን፤ ገበያ ማለታቸው ነው። ጓደኛችን እየሳቀ፣ ሰማዩ የደመነ ነበርና፣ «ሮባ» የሚለውን ጨመረልን። ለእኛ ጆሮ የሳምንቱ ቀን ነው፤ በኦሮምኛ ግን ዝናም ነው፤ በአፋርኛም ዝናሙ «ሮብ» ነው።

በመኝታ ቤታችን ቢሆን ኖሮ እነዚህ አምስት ቃላት የአንድ ምሽት ሳቅ ይሆኑን ነበር። እዚያ ግን አንድ ነገር ልብ አልን። በገበያው ውስጥ ማንም የቃል ፍቺ አይፈጥርም። ያላወቀ ይጠይቃል፤ ከዚያ በኋላ በጣቱ ያሳያል፤ ዕቃውን ያነሣል፤ ቁናውን ይሰፍራል። በዋጋው ክርክር አለ፤ አንዳንዴም በዋጋው ይዋሻል። በቃሉ ግን አይዋሽም፤ ምክንያቱም በቃሉ ከተዋሸ በሚቀጥለው እሑድ ገበያው የለም። አፋሩ «ሮብ» ያለውን ኦሮሞው «ሮባ» ብሎ ይረዳዋል፤ አማራውም ሰማዩን አይቶ ይስማማል። እኛ በጨዋታ ነጥብ የምናገኝበት ነገር እነርሱን እንጀራ ያሳጣቸዋል።

ከሰዓት በኋላ ከአንድ ጥላ ሥር አንድ ሽማግሌ በዱላቸው ተደግፈው ቆመው አየን። የጅንፎን የውሸት ፍቺ የጻፈው ወዳጃችን ሰላምታ ሰጥቶ ቀረባቸውና፣

«አባቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ጅንፎ የሚባለው ምንድን ነው?» አላቸው።

ሽማግሌው ልጁን ከላይ እስከ ታች ተመለከቱት። ከዚያም ዱላቸውን አነሡና ጫፉን በእግሩ አጠገብ ከነበረ ድንጋይ ላይ ቀጭ አደረጉት። በዱላው እግር ላይ የተሰካ ብረት ነው።

«ይኸው፤ ይኸ ነዋ። ይኸ ባይኖረው እስከ አሁን ተሰንጥቆልኝ ነበር። ልጄ፣ ተማሪ ነህ?» አሉት።

«አዎን፣ አባቴ።»

«እንግዲህ ይኸንንም ተምረህ ሂድ» ብለው ሳቁ፤ እኛም ሳቅን። ወዳጃችን ግን የሠርጉን ጨዋታ ነገር ሊያወራላቸው ጀምሮ ተወው። በሠርጋቸው፣ በዱላቸውና በቃላቸው ላይ የፈጠረውን ታሪክ፣ የቃሉ ባለቤቶች ፊት ቆሞ ለመናገር አፉ እንቢ አለው። አራት ሰው ያሳመነው ፍቺ አንድ ሽማግሌ ፊት ሊነገር አልቻለም። እኛም ለውሸት ፍቺ ከዚህ የተሻለ መመዘኛ አላገኘንም።

የጨመርናቸው ሕጎች

ከዚህ ሁሉ በኋላ ጨዋታውን ተዋችሁት ወይ? የሚለን ይኖራል። አልተውነውም። ጨዋታው ጥሩ ነው፤ መዝገበ ቃላት ገልጦ የማያውቅ ሰው እንኳ በዚህ ምክንያት ገልጧል፤ በአንድ መንፈቀ ዓመት ከክፍል ውስጥ ይልቅ በዚህ ብዙ ቃል ተምረናል። ነገር ግን አራት ሕግ ጨምረንበታል፤ ለሚጀምሩት ሁሉ እንመክራለን።

አንደኛ፣ ዙሩ ካለቀ በኋላ ዳኛው እውነተኛውን ፍቺ ድጋሚ ያነባል። የመጨረሻ የምንሰማው ቃል እውነተኛው ይሁን እንጂ በሳቅ አንለያይ።

ሁለተኛ፣ የውሸት ወረቀቶቹ እዚያው ይቀደዳሉ። የሚያምር ውሸት ነው፣ ለማስታወሻ ይቀመጥልኝ ማለት ክልክል ነው። በመዝገበ ቃላቱ ውስጥ ወረቀት የተወ ሰው ያገኘው ነጥብ በሙሉ ይሰረዛል።

ሦስተኛ፣ ዳኛው ቃሉን ከመረጠ በኋላ «ይህን ቃል በቤቱ የሚናገርበት አለ?» ብሎ ይጠይቃል። አለሁ የሚል ከተገኘ ያ ሰው ከምርጫው ወጥቶ በዙሩ መጨረሻ ቃሉን ያስረዳል፤ 2 ነጥብም ይሰጠዋል። የወገል ባለቤት ያለ ዋጋ አይቅር። ይህ ሕግ ከወጣ ጀምሮ ከልብስ ሠሪ ቤት፣ ከሸክላ ሠሪ ቤት፣ ከወታደር ቤት የመጡ ጓደኞቻችን በአንድ ምሽት ስንት ነገር እንዳስተማሩን ብንጽፍ ይህ መጽሔት አይበቃም።

አራተኛ፣ በጨዋታው የሰማነውን ቃል በድርሰት ወይም በንግግር ከመጠቀማችን በፊት ምስክር እንፈልጋለን፤ መጽሐፉን ራሱን፣ ወይም ቃሉን የሚናገረውን ሰው። ልክ እንደ ትርጓሜ መምህራን፣ «አንድም» ያለ ምስክሩን ያምጣ።

«ልቃቂት» ምን እንደሆነ ከላይ ሳንነግራችሁ እንዳለፍን ያስተዋለ አንባቢ ይኖራል። በእንዝርት የተፈተለ የጥጥ ክር ጥቅል ነው። ይህን ያወቅነው ግን ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም፤ ሦስተኛው ሕግ በሥራ ላይ በዋለበት የመጀመሪያ ምሽት እናቷ ጥጥ የምትፈትል አንዲት የክፍል ጓደኛችን ነገረችን። ከዚያም በሚቀጥለው ሳምንት ከቤቷ አንድ ልቃቂት አምጥታ ሰጠችን። አሁን መዝገበ ቃላቱ አጠገብ ተቀምጧል፤ ለማየት የሚፈልግ ከራት በኋላ ይምጣ፤ እርሳስ ግን ይዞ ይምጣ።